የጉድለት ምስክሮች

ባለቤቴ መሞቷን የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ነው። የዳቦ ቤቱ በር አላያትም ማለት አይደለም፤ በደንብ አይቷታል። ካያት በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍስ ይማር፤ ቤተሰቡን ያጽናና» አላትና ከኋላዋ ለቆመው ሰውዬ ተከፈተ። ሶልያና የሒሳብ አስተማሪ ናት። ስህተት ሲያጋጥማት ከመናደዷ በፊት አንዴ ደግማ ማረጋገጥ ትወዳለች። ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ቀረበች። በሩም እንደገና ነፍስ ይማር አላት፤ በሁለተኛው ዙር ግን ትንሽ የሰለቸው ይመስል ነበር ብላኛለች። ዳቦውን ሰውዬው ገዝቶ ሰጣት።

ቤት ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። እድራችን በፍጥነቱ በመላው ደሴ የታወቀ ነው። በሐዘን ሰሌዳ ላይ የአንድ አባል መልክ ከወጣ ድንኳኑ ራሱ መጥቶ ራሱን ይዘረጋል፣ ወንበሮቹን ይደረድራል፣ ንፍሮውንም ይጥዳል። እኔ በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰኝ የጎረቤታችን የእትዬ ማክዳ ለቅሶ ነው። ወጥቼ ማን ሞተ ብዬ ብጠይቃቸው አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ገና አልነገሩህም እንዴ አሉና ጭራሽ ባሰባቸው። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ማን እንደሞተ ሳላውቅ ነው ያለቀስኩት። ይህን የምነግራችሁ ወደ ፊት ስለ እኔ የሚባለውን ስትሰሙ ብዙ እንዳትደነግጡ ነው።

ሶልያና ዳቦዋን ይዛ ስትገባ ድንኳኑ ጸጥ አለ። የእድራችን ሊቀ መንበር ሐጂ ኢምራን ከወንበራቸው ተነስተው ከእግር እስከ ራሷ ካዩዋት በኋላ አልሐምዱሊላህ አሉ። ቀጥለውም ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሦስት ቀን ሳይሞላው እንደማይነሳ፣ ይህም የራሱ የድንኳኑ ጠባይ እንደሆነ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ሊያዙት እንደማይችሉ በትሕትና አስረዷት። እትዬ ማክዳ ደግሞ እህታቸውን ከወልድያ አስጠርተው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ሳታለቅስ እንዴት ትመለስ አሉ። ስለዚህ ሦስቱን ቀን ተቀመጥን። ሶልያና ለራሷ ለቀስተኞች ንፍሮ አዞረች። ሰው ሲመጣ ይስማትና ደስ ብሎኛል ይላታል፣ ከዚያ ሄዶ ይቀመጥና እንባውን ያብሳል። ስለ እሷ ደግ ደጉን ሲያወሩ ሰሃኑን ይዛ ቆማ ትሰማለች፤ ዓመተ ምሕረቱን ከተሳሳቱ ታርማቸዋለች።

ሰሌዳውን ያየነው በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማጣራት ሁለታችን ወደ ፒያሳ ወጣን። ትልቁ የሐዘን ሰሌዳ እዚያ ነው ያለው። ሶልያና በሦስት ፎቅ ቁመት ተሰቅላለች። ከሥሯ «እንዲህ ባለ ሰላም ይሰናበቱ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ ወረድ ብሎ ዕረፍት የመታሰቢያ ምስል አቅራቢ የሚባል ድርጅት ስም፣ ከዚያም በጣም ወረድ ብሎ፣ ተንበርክኮ ለሚያነብ ሰው፣ ምስሉ ለናሙና የቀረበ መሆኑ ተገልጿል። ድርጅቱ ለማስታወቂያው የመረጠው ቦታ እውነተኛ ሟቾች የሚወጡበትን ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳውን የሚያነቡት በሮችና እድሮች ደግሞ መንበርከክ አይችሉም።

እዚህ ላይ የሆነውን ልናገር። ባለቤቴን ሞታ በአደባባይ ተሰቅላ ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ እሷ አልነበረም። ብርሃኑ እንዴት አምሯል የሚል ነበር። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኛ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሐሳቡን በልቤ ይዤው ብቀር ደግ ነበር፤ ግን ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

ሶልያና ቀና ብላ ራሷን አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየች።

«ያፌት፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ» አለች።

«ገብቶኛል» አልኳት፤ «ግን እይው እስኪ፣ ይኼን ያህል ተልቆ እንኳ ጥራቱ አልወረደም።»

ቀድማኝ ወደ ቤት አቀናች።

ስለ ሙያዬ ትንሽ ልበል። አራዳ ላይ ፎቶ ያፌት የሚባል ቤት አለኝ። በዘመናችን ካሜራ ይዞ የሚቆም ሰው ብርቅ ነው። ሰዎች በሠርጋቸው ቀን ምን መምሰል እንደነበረባቸው ይናገራሉ፣ ምስሉም እንደ ቃላቸው ሆኖ ይመጣል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ቤተሰቦች ወጉ እንዳይቀር ብለው ካሜራ የያዘ ሰው በሠርጋቸው ላይ እንዲቆም ይፈልጋሉ። እኔ ያ ሰው ነኝ። ብዙዎቹ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ሳይወስዱ ይቀራሉ። ይህንን ለረጅም ጊዜ የደንበኞቼ ትሕትና አድርጌ ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

የሶልያና ፎቶ በፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ለዓመታት ተሰቅሏል። አገጯ ቀና ብሏል፣ የዓይኗ ቆብ ግማሽ ድረስ ወርዷል፣ ከንፈሯ ገጥሟል፣ በከንፈሯ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ስም ልሰጠው የማልችል አንድ ነገር አለ። መንገደኛ ቆም ብሎ ሲያየው እንዴት ያለ ሰላም ነው ይላል። እኔም ከውስጥ ብቅ ብዬ ያነሳሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ከመስኮት ወደ መንገድ የሚታይ ነገር ባለቤቱ እስኪቃወም ድረስ የመንገዱ ነው የሚል ደንብ መውጣቱን አልሰማሁም ነበር። መንገዱ ሰምቶ ኖሯል፤ ዕረፍት ድርጅት ፎቶውን የወሰደው ከዚያው ነው።

ድንኳኑ ሲነሳ ወደ ምስል ባለቤትነት ጽሕፈት ቤት ሄድን። መጀመሪያ ያመለከተችው ሶልያና ናት። እዚህ ነኝ፣ በሕይወት አለሁ፣ ያ ፊት የእኔ ነው አለች። የተቀበላት ወጣት በጣም ትሑት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከዚያ መልክ ማስረጃ እንደማይሆን ነገራት። በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው ፊት በሚፈበረክበት ዘመን እኔን ይመስላል የማይል ሰው የለም። በዚያው ሳምንት እንኳ ይህ ፊት የእኔ ነው ብላ ከጅግጅጋ ያመለከተች ሴት ነበረች። ከሰሌዳ ላይ ምስል ማስነሳት የሚችለው የምስሉ ባለቤት ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ያነሳው ሰው ነው። ተቃውሞ ሳይጸና የሟች አርባ ከወጣ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የተዘጋን መዝገብ የሚከፍት የለም።

ይህ ለሶልያና ምን ማለት እንደሆነ በማግስቱ ገባን። ሆጤ ያለው የትምህርት ቤቷ በር አላስገባትም። ክፍሏ ውስጥ የእሷን ቦታ የያዘ ድምፅ ክፍልፋይ እያስተማረ ነበር። በመስኮት ቆማ ሰማችው። ትምህርቱ ምንም ስህተት እንዳልነበረው፣ ተማሪዎቹ ግን አንዳቸውም እንዳልጠየቁ ነገረችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ፈርታ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ እኔም ፈራሁ።

ስለዚህ ለእኔ ተዪው አልኳት። ደረቴን ነፍቼ ወደዚያው ወጣት ሄድኩና ኦርጅናሉ ካሜራዬ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። እንዳያስከፋኝ ተጠንቅቆ ፈገግ አለ። ዛሬ ኦርጅናል የሚባለውን ነገር ማንም ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ሊያሠራው ይችላል አለኝ፤ ከፈለገም ከነአቧራው። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች አሁን የሚቀበሉት አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፤ የጉድለት ምርመራ ይባላል። መሣሪያዎቹ ማንኛውንም ዓይነት ጉድለት መሥራት ያውቃሉ። የማያውቁት አንዱን ጉድለት ይዞ ዕድሜ ልክ መኖርን ነው። ተመክሮም፣ ተሰድቦም፣ ያንኑ ነገር በዚያው ዓይነት የሚያበላሽ ሰው ብቻ ነው። እናም ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቢያንስ ሦስት የጉድለቱን ተበዳዮች ይዞ ይቅረብ ተብሏል።

ይህን ያህል የሚጠቀስ ጉድለት የለኝም አልኩት። ልጁ የምስክር መመዝገቢያ ቅጹን ሰጠኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በተበዳዮች ፋንታ ምርጥ ምርጥ የምላቸውን ሥራዎቼን ሰብስቤ አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱልኝ። መርማሪው ከሥራዎቹ ውስጥ አንዳችም የሰው ልጅ ምልክት አላገኘሁም ብሎ ነበር። በኋላ ሳጣራ ከመካከላቸው ጥሩዎቹን ያነሳው ካሜራው ራሱ ኖሯል፤ ድምፁ ሳይበላሽ በፊት እየተናገረ ብዙ ነገር ያግዘኝ ነበር።

«ምስክር ፈልግ» አለችኝ ሶልያና።

ከየት ላምጣ ብዬ ስጠይቃት ትንፋሽ ሳትወስድ ስም መቁጠር ጀመረች። የዚህን ያህል ሰው በልቧ ይዛ እንደኖረች አላውቅም ነበር። ሐጂ ኢምራን ነገሩን ሰምተው በእድሩ ስብሰባ ማብቂያ ላይ በያፌት ፎቶ የተጎዳችሁ ወገኖች ካላችሁ አሉ። ማንም ባይመጣስ ብዬ ተጨንቄ እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ጉድለቱን የሚመሰክርለት አጥቶ ሲጨነቅ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

በችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በደረጃው ላይ ተሰልፏል። ከኮምቦልቻ ምሳቸውን ቋጥረው የመጡ ነበሩ። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች አንቺን ደግሞ ምን አደረገሽ እየተባባሉ ወዳጅ ሆነዋል። ዳኛዋ ድንቅነሽ ትባላለች፤ የዕረፍት ድርጅት ጠበቃ ደግሞ አጥናፉ። በእኛ ትውልድ ስም አውጪዎች ያፌትና ሶልያና ሲሉ ከረሙና፣ የዛሬ ወጣቶች መልሰው የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ይዘዋል። ሁለቱም በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ምስክር ኤልናታን ነበር። ሠርጉን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። በሁሉም ፎቶዎች ላይ ሙሽራዋ ሙሉ ናት፤ እሱ ግን ከቅንድቡ በላይ የለም። ልጆቼ ግንባሬን በአካል እንጂ በፎቶ አያውቁትም አለ። ቀጥላ የቀረበችው ሴት የምርቃት ፎቶዋን ይዛ መጥታለች። እሷ ደብዝዛለች፤ ከኋላዋ ያለው የግቢው ጥበቃ ግን የጫማው ክር ሳይቀር ይታያል። ጥበቃው ሲሞት ፎቶውን ቤተሰቦቹ ለምነው ወስደው ለቀብሩ አስፋፍተውታል አለች። ሦስተኛው ራሳቸው ሐጂ ኢምራን ናቸው። ለሐጅ ጉዞ ጉርድ ፎቶ አንስቻቸው ነበር። በፎቶው ላይ አንድ ጆሮ ብቻ ስለነበራቸው አየር ማረፊያ ላይ ሁለተኛው ጆሯቸው የማን እንደሆነ ተጠየቁ። ይህን ሲናገሩ ወደ እኔ ዞረው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቅርታ ጠየቁኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋም ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች ፎቶዬን ሲያዩ የሚያደርጉት ያ ዝምታ የአድናቆት መስሎኝ ኖሯል። ተነስቼ የአቶ ኤልናታን ግንባር የተቆረጠው ሆን ተብሎ ነው፣ ቅንብር ይባላል ብዬ ማስረዳት ስጀምር ዳኛዋ አቋረጠችኝ።

«ጋሽ ያፌት፣ ክርክሩን ማሸነፍ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ሦስት ይበቃል ብትልም ከኋላ ያሉት አልተበተኑም፤ ተራችንን ጠብቀናል ብለው አጉረመረሙ። እንደ ምንም ተለምነው ቁጭ አሉ። እኔም አንገቴን እንደደፋሁ፣ በውስጤ ግን መቼም ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም፣ ሶልያና ሰኞ ክፍሏ ትገባለች እያልኩ ነበር።

አጥናፉ ተነሳ። ምስክሮቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቶ አመሰገነ። መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም፣ የተናገሩትን ሁሉ ቃል በቃል እቀበላለሁ አለ። ከዚያ የሶልያናን ፎቶ በግድግዳው ላይ አወጣው። ግንባሯ ሙሉ ነው። ጆሮዎቿ ሁለት ናቸው። የደበዘዘ ነገር የለም፣ የተጣመመ ነገር የለም። አጥናፉ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ሰውም አብሮት አየ።

«ክብርት ዳኛ፣ አሁን የሰማነው እውነት ከሆነ ይህን ፎቶ እኚህ ሰው ሊያነሱት አይችሉም» አለና ተቀመጠ።

ወሽመጤ ተቆረጠ። ይባስ ብሎ ከምስክሮቹ በኩል እውነቱን ነው የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። ሐጂ ኢምራን ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው። በዕድሜዬ አንድ ጥሩ ፎቶ አንስቼ ነበር፤ እሱም አንድ ብቻ በመሆኑ ምክንያት ተወሰደብኝ።

ዳኛዋ አርባው እሑድ እንደሚወጣ፣ ከዛሬ ሌላ ቀጠሮ እንደማይኖር አስታወሰችን። ከዚያ ፎቶውን እያሳየች ከዚህ ውስጥ የእርስዎ የሆነው የቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ብርሃኑ አልኩ። አጥናፉ ብርሃኑ የመስኮቱ ነው አለ። አቀማመጧ አልኩ። ወንበሩ እዚያ ነበር፣ እሷም ተቀመጠችበት አለ። ልብሷ የራሷ ነው፣ ፊቷ የራሷ ነው። እያንዳንዱን ስጠቅስ እያንዳንዱን ለባለቤቱ መለሰው። ለዓመታት በመስኮቴ ሰቅዬ ስኮራበት የኖርኩት ፎቶ ውስጥ የእኔ የምለው ነገር ሳፈላልግ ምንም አጣሁ። ሶልያና ከፊት ወንበር ላይ ሆና እጇን አጣምራ ትመለከተኝ ነበር። ወደ እሷ ማየት አቃተኝ።

ዳኛዋ ጥቂት አሰበችና እንግዲያው እዚሁ ያንሷት አለች። በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ተደረገ፣ ካሜራዬ ተሰጠኝ፣ ሶልያና ተቀመጠች። ሆን ብላ እንደማታስመስል ማለች። አጥናፉ ተቃውሞ የለኝም አለ፤ እንደውም ወንበሩን አስተካክሎ ያስቀመጠው እሱ ነው።

በዚያ ሰዓት ማሰብ የነበረብኝ ስለ ባለቤቴ ሥራ፣ ስለ ስሟ፣ ስለ እሑድ ነበር። እኔ ግን ካሜራው እጄ ሲገባ ሁሉንም ረሳሁት። አሁን አሳያቸዋለሁ አልኩ። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖት ስለነበር እስኪገፍ ጠበቅኩ። ሲገፍ ብርሃኑ በዛብኝ፤ ተመልሶ እስኪመጣ ጠበቅኩ። አገጭሽን ቀና አድርጊ አልኳት። ያን ያህል አይደለም አልኳት። ሄጄ ትከሻዋን አዞርኩ፣ ተመልሼ አየሁት፣ ሄጄ እንደነበረ መለስኩት። ነጠላዋን አስተካከልኩ። ሌንሱን ጠረግኩ። የጠረግኩበት ጨርቅ ቆሻሻ መሆኑን አየሁና በሸሚዜ ጫፍ ደግሜ ጠረግኩ። ትንሽ ታገሺኝ አልኳት። መነጽሬን ለመፈለግ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል ሰው ሁሉ ቆሟል። አንድ ሰው ወድቆ መሰለኝ። እትዬ ማክዳ አፋቸውን ይዘው ወደ ሶልያና ይጠቁማሉ። ዞሬ አየሁ። አገጯ ቀና ብሏል። የዓይኗ ቆብ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ከንፈሯ ገጥሟል፤ በጥጉም ላይ ያ ስም ያላገኘሁለት ነገር አለ። ፒያሳ ላይ የተሰቀለው ፊት ነው፣ አንዳች ሳይጎድል።

«አንሳ በቃ» አለች ከንፈሯን ሳትከፍት።

ደንግጬ አነሳሁ። ፎቶው ደብዝዞ ወጣ፤ ግንባሯም የለም። እሱን ግን ማንም አላየው።

አጥናፉ በአጋጣሚ ነው አለ። ዳኛዋ እንግዲያው አንተ ሞክር አለችው። ካሜራውን ተቀብሎ በቅልጥፍና አነጣጠረ። ሶልያና ትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የምታሳየውን ፈገግታ አሳየችው። ዳኛዋ ራሷ ከመድረኩ ወረደች፤ ያንኑ ፈገግታ አገኘች። ሐጂ ኢምራን ተጠርተው ሞከሩ፤ ከፈገግታው ጋር ትንሽ አክብሮት ተጨመረላቸው። ዳኛዋ ካሜራውን ለእኔ መለሰች። ገና ሌንሱን ለመጥረግ የሸሚዜን ጫፍ ሳወጣ ያ ፊት መጣ።

ዳኛዋ ሶልያናን ለምስክርነት አስማለቻትና ይህ ፊት ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ትዕግስቴ ሲያልቅ የሚመጣ ነው» አለች ሶልያና።

«ሰላም አይደለም?»

«ምን ሰላም አለው ልጄ፣ ሽንኩርት እሳት ላይ ጥጄ ነበር። አንዴ ብቻ ተቀመጪ አለኝ። አረረ፤ ድስቱም ከዚያ ወዲህ አልሆነም።»

ሰላም እያለ ሲያደንቅ የኖረው መንገደኛ ሁሉ፣ ከመንገደኛውም በላይ እኔ፣ የሚያርር ሽንኩርት ስናደንቅ ኖረናል ማለት ነው። ሽታው ትዝ አለኝ። ያኔ ከጎረቤት የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

አጥናፉ ጎበዝ ጠበቃ ነው፤ እጁን ሳይሰጥ አንድ ጊዜ ተነሳ። ፊቱ የመሰልቸት ከሆነ የአመልካቹ ብቻ ሊሆን አይችልም አለ። እኛ ቸኩለን ነው እንጂ እንደ እሳቸው ያንዛዛ ማንኛውም ሰው ሊያመጣው ይችላል። ክርክሩ ትክክል ነበር፤ ዳኛዋም ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሌላ ሰው እንዲህ ቢያቆይዎት ይህ ፊት ይመጣል?» ብላ ጠየቀቻት።

ሶልያና መልስ ከመስጠቷ በፊት ታስባለች። ተማሪዎቿም ይህን ያውቁላታል፣ እኔም አውቅላታለሁ፤ ስታስብ ወደ ላይ ነው የምታየው።

«አይመጣም» አለች። «እዚያ እስኪደርስ አልቀመጥማ። ሌላ ሰው ቢሆን ተነስቼ እሄዳለሁ።»

አጥናፉ ተቀመጠ። መነጽሬ ደበዘዘብኝ፤ አውልቄ ብጠርገውም ያው ሆነብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ጊዜ ቆይ እንዳልኳትና ስንት ጊዜ እንደተቀመጠች ለመቁጠር ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ከእሷ በቀር ማን ተቀምጦልኝ ያውቃል?

ውሳኔው አጭር ነበር። በምስሉ ላይ ለሚታየው ፊት ምክንያቱ አመልካቹ ስለሆነ ምስሉ የእሱ ነው፤ ዕረፍት ድርጅት ሳይመሽ ከሰሌዳዎች ሁሉ ያንሳ፤ ወይዘሮ ሶልያና በሕይወት እንዳሉ ይመዝገብ። ከዚህ ጋር የአመልካቹ የሙያ ጉድለት በበቂ ምስክር፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ መረጋገጡም በመዝገቡ ሰፈረ። የችሎቱ ጸሐፊ በዚህኛው ክፍል ላይ ይግባኝ እጠይቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሶልያና አይጠይቅም አለችው።

ስንወጣ ሰው እየተበተነ ነበር። ኤልናታን እጄን ጨብጦ እንዳልቀየመኝ ነገረኝ፤ ሴት ልጁን በጥር እንደሚድርና ካሜራ የሚይዝ ሰው ሳይፈልጉ እንደማይቀሩም ጨመረ። ሶልያና ቀድማኝ ደረጃውን ወርዳ ታክሲ ታያለች። የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ነበራት። ለረጅም ጊዜ ያላየቻቸው ተማሪዎች ይጠብቋታል፤ ከአሁኑ ዘግይታለች። ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ተከፍሎ ቀጭን ፀሐይ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ብርሃኑ ጥሩ ይሁን አይሁን ከዛሬ ወዲያ እኔ የምፈርደው ነገር አይደለም። ቢሆንም ካሜራዬን አወጣሁ።

«ሶሊ፣ ቆይ አንዴ» አልኳት።

ታክሲው ቆሞላት ነበር። እሱን አየችው፣ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሌንሱን መጥረግ እንደጀመርኩ አየች። ታክሲውን በእጇ አሰናበተችው፤ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቆመች።